ዘፈን፣ አዝማሪ፣ ቅኝት፦ የሙዚቃ ቃሎቻችን ምን ይዘው መጡ?



ንግግሬን በራሴ ስሕተት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በትርጉም ትምህርት ላይ ለተማሪዎቼ አንድ ገጽ የአፋን ኦሮሞ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እንዲመልሱ ሰጥቻቸው ነበር። ጽሑፉ ስለ ሠርግ የሚናገር ሲሆን «ሲርባ» የሚለው ቃል አምስት ጊዜ ተመላልሶ ይገኝበታል። ከመቂ አካባቢ የመጣች አንዲት ተማሪ ቃሉን ሦስት ጊዜ «ዘፈን»፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ «ጭፈራ» ብላ ተረጎመችው። እኔም በቀይ እስክሪብቶ «ወጥነት ይጎድለዋል» ብዬ ጽፌ ነጥብ ቀነስኩባት። ልጅቱ በክፍል ውስጥ አልተከራከረችም፤ ወረቀቷን ተቀብላ ሄደች። ከሳምንት በኋላ ግን ወደ ቢሮዬ መጣችና አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እናቴ ሲርባ ስትል አፏም እግሯም አብረው ነው የሚሄዱት፤ ሁለት ያደረገብኝ አማርኛው ነው» አለችኝ።

የምመልሰው አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ስለ ሙዚቃ የምንናገርባቸውን ቃላት በማስታወሻ ደብተር መሰብሰብ የጀመርኩት። እኔ የቋንቋ መምህር እንጂ የሙዚቃ ባለሙያ አይደለሁም፤ ልጅ ሳለሁ በቀበሌው የኪነት ቡድን ከበሮ ለመምታት ተፈትኜ በመጀመሪያው ቀን ተመልሻለሁ። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ ድምፁ ሳይሆን ድምፁን ስለምንጠራባቸው ቃላት ነው።

ተማሪዬ ያየችው ልዩነት ለአማርኛም ቢሆን ጥንታዊ አይደለም። «ዘፈነ» በግዕዝ ቀዳሚ ፍቺው በእግር መጫወት፣ በአካል እንቅስቃሴ ደስታን መግለጥ ነው። ማስረጃውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም። በ1954 ዓ.ም. የታተመውን አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ብንገልጥ ንጉሥ ዳዊት በታቦቱ ፊት ያደረገውም፣ የሄሮድያዳ ልጅ በሄሮድስ የልደት ግብዣ ላይ ያደረገችውም በዚሁ ግሥ ተነግሯል። በሁለቱም ስፍራ የምናየው የሚንቀሳቀስ አካል ነው፤ የምንሰማው ግጥም የለም። ዛሬ ግን አንድ የአዳማ ወጣት «ትናንት ማታ ዘፈንኩ» ቢለን የምንረዳው ድምፁን እንዳሰማ ነው። እግሩን ማለቱ ከሆነ «ጨፈርኩ» ወይም «ደነስኩ» ማለት ይኖርበታል። አማርኛ በጊዜ ብዛት አፍን ከእግር ለየ፤ አፋን ኦሮሞ «ሲርባ»ን ሳይከፍል ጠበቀ። የግዕዙን «ዘፈነ» ያስቀረልን፣ ብትፈቅዱልኝ፣ የመቂዋ እናት አነጋገር ነው።

የዚህ ቃል ነገር ግን በፍቺ መጥበብ ብቻ አላበቃም። በዚያው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በገላትያ መልእክት ምዕራፍ 5 ቁጥር 21 ላይ «ዘፋኝነት» ከስካር ጎን ተሰልፎ ይገኛል። በግሪኩ ያለው ቃል «ኮሞስ» ነው፤ ሲፈታ የመጠጥ ፈንጠዝያ፣ ሌሊቱን እየጨፈሩና እየጮኹ በየመንገዱ መዞር ማለት ነው። ተርጓሚዎቹ በአማርኛ የቀረባቸውን ቃል መረጡ፤ በዘመናቸው ሚዛን ምርጫቸው አያስነቅፍም ይሆናል። ስለ ትምህርቱ መናገር የነገረ መለኮት ሰዎች ድርሻ ነውና እኔ አልገባበትም። ቃሉን ብቻ ስከታተል የማየው ግን ይህ ነው፦ አንድ የፈንጠዝያ ዓይነት ማለት የነበረው ቃል ለማንኛውም ዓለማዊ ዜማ ስም ከሆነ በኋላ ያ ቁጥር ሲነበብ፣ ተግሣጹ በእሹሩሩም ላይ፣ በሠርግ ዜማም ላይ፣ በእርሻ ላይ በሚንጎራጎር ገበሬም ላይ የሚያርፍ መስሎ ተሰማ።

ይህ በመጽሐፍ ላይ ብቻ የሚኖር ጉዳይ አይደለም። ክራር ይማር የነበረ አንድ ተማሪ ነበረኝ። ቤተሰቡ አጥባቂ ነው። አባቱ «ማታ ማታ ወዴት ነው የምትሄደው?» ብለው ሲጠይቁት «ሙዚቃ እየተማርኩ ነው» ብሎ መለሰ፤ አባትየውም «ትምህርት ከሆነ ጥሩ» ብለው ፈቀዱ። ልጁ ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር። «ዘፈን እየተማርኩ ነው ብላቸው ኖሮ ክራሩ ለምድጃ ይሆን ነበር» አለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ደረስኩ። ብዙ ጊዜ «አማርኛ ሙዚቃ ለሚለው ቃል አቻ አልነበረውም፤ ስለዚህ ከኤውሮፓ ተዋሰ» ሲባል እንሰማለን። እኔም ለዓመታት እንዲሁ አስተምሬአለሁ። ዛሬ ነገሩን በሌላ መንገድ አየዋለሁ። ቃል አልጠፋም፤ ቃላቱ ሁሉ ግን የተያዙ ነበሩ። እያንዳንዱ ቃል የራሱ ቦታ፣ የራሱ ሰዓት፣ የራሱ ክብር ወይም ነውር ነበረው። ባዶ እጁን የመጣው እንግዳው ቃል ብቻ ነው።

«ዘመረ» የሚለውን ግሥ እንውሰድ። መዝሙር፣ ዘማሪ፣ ዝማሬ ከዚህ ይወለዳሉ፤ ሁሉም የተከበሩ ናቸው። «አዝማሪ»ም የተወለደው ከዚሁ ነው። በአንድ ሥር ላይ የበቀሉ ሁለት ስሞች፤ አንዱ በመቅደስ ሲከበር ሌላው ለረጅም ዘመን የስድብ ያህል ሲነገር ኖረ። አዝማሪው በጌታው ግብር ላይ ያመሰግናል፣ በሰምና ወርቅ ይወጋል፣ ወሬ ያደርሳል፤ ግብዣው ሲያልቅ ግን ልጁን የሚድርለት አልነበረም። ኋላ «ዘፋኝ» መጣ፤ እርሱም ከጥርጣሬ አላመለጠም። ስለዚህ «ድምፃዊ» የሚል ቃል ተበጀና በካሴት ሽፋን ላይ ታተመ። ዛሬ ደግሞ ሁሉም «አርቲስት» ሆኗል። ይህን የስም መፈራረቅ ሳይ አንድ ሰው ከሚከታተለው ዕዳ ለማምለጥ ቤት ሲቀያይር ይመስለኛል፤ ዕዳውም ከጥቂት ጊዜ በኋላ አዲሱን ቤት ያገኘዋል።

«ሙዚቃ»፣ «ኖታ»፣ «ማርሽ» የመሳሰሉት ቃላት ግን ከመንግሥት ጋር ተዛምደው ነው የጸኑት። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ያገኟቸው፣ «አርባ ልጆች» በመባል የሚታወቁት ወላጅ አልባ አርመናውያን ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ መጥተው የቤተ መንግሥት ማርሽ ባንድ ሆኑ። ከዚያም ክቡር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስ የየራሳቸውን ባንድ አቋቋሙ። ሙዚቀኛው የደንብ ልብስና ወርኃዊ ደመወዝ ያለው ወታደር ሆነ። የወር ደመወዝ ያለውን ሰው ማን አዝማሪ ብሎ ይሰድበዋል? የተማሪዬ አባት «ሙዚቃ» ሲባሉ ልባቸው የለዘበው ከዚህ ታሪክ የተነሣ ይመስለኛል።

ለዚህ ትርፍ የከፈልነው ዋጋ ምንድን ነው? ግሦቻችንን ተመልከቱ። በገና ይደረደራል። ክራር ይገረፋል ወይም ይመታል። ማሲንቆ ይገዘገዛል። ዋሽንት ይነፋል፣ ከበሮ ይደለቃል። እስክስታ ይወረዳል፣ ሙሾም ይወረዳል፤ ቅኔ ይዘረፋል። በቡድን ሲሆን አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። እነዚህ ግሦች ለውበት የተቀመጡ አይደሉም፤ የእጅን ሥራ ይናገራሉ። «ይደረደራል» ሲባል ጣቶች በየተራ አንድ አንዱን አውታር እንደሚነኩ ይታወቃል፤ «ይገረፋል» ሲባል ብዙ አውታሮች ባንድ ጊዜ እንደሚመቱ ይታወቃል። ሁለቱን የማያውቅ ሰው ቃሉን ሰምቶ ብቻ የአጨዋወቱን ልዩነት ይረዳል። ዛሬ ተማሪዎቼ በሚጽፉልኝ ድርሰት ግን ሁሉም መሣሪያ «ይጫወቱታል»። ስሕተት ነው አልልም፤ «ጨዋታ» እኮ ወግንም፣ ቀልድንም፣ ዜማንም የያዘ የራሳችን ቃል ነው። ነገር ግን በገና «የሚጫወት» ሰው በዐቢይ ጾም ምን እንደሚያደርግ ከቃሉ ብቻ ማወቅ አይቻልም።

የመሣሪያዎቹ ክፍሎችም እንዲሁ ናቸው። የበገናው አግድም እንጨት «ቀንበር» ይባላል፤ ድምፅ የሚያጎላው ሣጥን «ገበቴ» ነው፤ አውታሮቹን ደግፎ የሚይዘው «በርኩማ» ነው። አንዱ ከእርሻ፣ አንዱ ከማድ ቤት፣ አንዱ ከመኝታ የመጣ ስም ነው፤ በርኩማ አያቶቻችን ጸጉራቸው እንዳይበላሽ አንገታቸውን የሚያሳርፉበት የእንጨት ትራስ ነበርና። ከአሥሩ አውታሮች ሥር ገብታ ያንን የሚነዝር ድምፅ የምትሰጠው ትንሽ ቆዳ «እንዚራ» ትባላለች።

የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ በቃል የበለጸገ ነው። ትውፊቱ ከ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊቅ ከቅዱስ ያሬድ ጋር የሚያያይዛቸው ሦስቱ ዜማዎች ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ናቸው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጇቸው የሚነገርላቸውን ምልክቶች ስሞች ስሙ፦ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ሂደት፣ ቁርጥ። ኖታ የድምፁን ቦታ በመስመር ላይ ያሳያል፤ እነዚህ ስሞች ግን ድምፁ የሚያደርገውን ይናገራሉ። ይይዛል፣ ይደፋል፣ ይጭራል፣ ይቆርጣል። አንድ ጊዜ ድጓ የተማረ ወዳጄን «ርክርክን አስረዳኝ» ብለው ጉሮሮውን አንቀጥቅጦ አሳየኝና «ሌላ ማስረጃ የለውም» አለኝ።

አማርኛ እንዲህ በየዘርፉ የከፋፈለው ነገር ለዚህ አካባቢ ሰው የሚያስቸግርበት ጊዜ አለ። በመስከረም መጨረሻ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ሲከበር፣ እርጥብ ሣርና አደይ አበባ ይዘው ወደ ሐይቁ የሚወርዱ ሰዎች የሚያሰሙት ምን ይባል? «ዘፈን» ብንለው ምስጋናውን አሳነስነው። «መዝሙር» ብንለው የሌላ ቤት ልብስ አለበስነው። በአፋን ኦሮሞ ግን «ፋሩ» አለ፣ «ዌዱ» አለ፣ «ሲርባ» አለ፣ ጀግናው ገድሉንና ብሶቱን ብቻውን የሚያወርድበት «ጌረርሳ» አለ። ከቀረርቶና ከሽለላ ጋር ተቀራራቢ ነው ብለን ጌረርሳን «ቀረርቶ» ብለን ስንተረጉም ብሶቱን እናጣዋለን። እንዲህ ባለው ቦታ ላይ ቃሉን እንዳለ መዋስ ይሻላል የሚል እምነት አለኝ፤ «ጌረርሳ» አማርኛ የሚሆንበት ምክንያት «ሙዚቃ» አማርኛ ከሆነበት ምክንያት አያንስም።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወዳስቸገረኝ ቃል ልለፍ፤ ወደ «ቅኝት»።

«ቃኘ» ሁለት ፍቺ አለው። አንደኛው መሰለል፣ አገር መመልከት፣ የተበታተነውን ወደ ሥርዓት ማምጣት ነው። የራስ መኰንን የፈረስ ስም «አባ ቃኘው» ነበር፤ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ሻለቃም «ቃኘው» ተብሏል። ሁለተኛው አውታርን ማጥበቅና ማላላት ነው። ክራር የሚቃኝ ሰው አይታችሁ እንደሆነ ሁለቱ ፍቺዎች አይጣሉም፤ ጆሮውን ወደ ገበቴው አዘንብሎ አውታሮቹን አንድ በአንድ ይጎበኛል፣ አፈንጋጩን ይመልሳል።

አራቱ የታወቁት ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ስሞቹን ልብ በሉ። ባቲና አምባሰል የወሎ አገሮች ናቸው፤ አንዱ በሰኞ ገበያው የታወቀ ከተማ፣ ሌላው ተራራማ ወረዳ። አንቺ ሆዬ የጥሪ ቃል ነው፤ ከአንድ ዘፈን አዝማች የቀረ። ትዝታ ደግሞ ባንድ ጊዜ ሦስት ነገር ነው፦ በልብ ያለው ትዝታ፣ ትዝታ የሚባለው ዘፈን፣ ዘፈኑ የሚዜምበት ቅኝት። እያንዳንዱ ዘፋኝ በየራሱ ግጥም ያዜመዋል፤ ስሙ ግን አይለወጥም። ስለዚህ ክራር መቺው «ትዝታ ልቃኝ?» ሲል ስለ አውታር ብቻ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ምሁራን ይህን በኖታ ሲጽፉት ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናል፤ ሚና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ ማይነር የሚባለው ትዝታ ይወጣል። አምባሰል ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው። አንቺ ሆዬ ከአምባሰል የሚለየው በሁለት ድምፆች ብቻ ነው፤ ሶል ግማሽ ድምፅ ትወርዳለች፣ ላ ግማሽ ድምፅ ትወጣለች። ይህ ጠቃሚ እውቀት ነው፤ ያለ እርሱ ሳክስፎንና ፒያኖ የእኛን ዜማ ሊይዙት ባልቻሉ። ግን ከዚህ ተነሥተን «ቅኝት ማለት ስኬል ማለት ነው» ብለን በመዝገበ ቃላት ብንጽፍ፣ ቤትን ግድግዳው ብቻ አድርገን እንደ መግለጥ ይሆናል። ስኬል የደረጃዎች ዝርዝር ነው። ቅኝት የአውታሩ አጠባበቅም፣ የዜማው ዘር ማንዘርም፣ ሰሚው ገና ግጥሙ ሳይጀመር የሚያድርበት ስሜትም ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሲንቲያ ኪምበርሊን እ.ኤ.አ. በ1976 ስለ ማሲንቆ ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ ርእስ ላይ «ቅኝት»ን ሳይተረጉሙ እንዳለ ነው የተዉት። እንግሊዝኛ የሚያክል ባለ ብዙ ቃል ቋንቋ ይህን ቃል ከእኛ ሲዋስ እኛው በ«ስኬል» መተካታችን ትንሽ ያስገርመኛል።

በሌላ በኩል ደግሞ አራቱን ስሞች በሁሉ ላይ መጫንም አይገባም። የአገሪቱን ዜማ ሁሉ በአራት የወሎ ስሞች እናዳርሳለን የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል። የጋሞ ዶርዜዎች በብዙ ድምፅ ተያይዘው የሚያዜሙትን በየትኛው ልናስቀምጠው ነው? በጥቅምት 2015 ዓ.ም. እዚሁ አዳማ ላይ ያረፈውን ዓሊ ቢራን አስቡ። በድሬዳዋ ተወልዶ፣ በአፍረን ቀሎ ቡድን ውስጥ አድጎ፣ ዑድ እየመታ በአፋን ኦሮሞ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊ፣ በዓረብኛና በአማርኛ ያዜመ ሰው ነው። የእርሱን ዜማ ለመግለጥ ምሥራቁ የራሱን ቃላት ሊያዋጣ ይገባል። መጠሪያው ራሱ እኮ ከዘፈን የተገኘ ነው፤ «ቢራ» ክረምቱ አልፎ አበባ የሚፈነዳበት ወራት ሲሆን፣ ገና በልጅነቱ ካዜመው ዘፈን ተወስዶ ስሙ ሆኖ ቀረ። ዘፈኖቻቸው የአገር ስም ሲይዙ በወሎ አየን፤ በዚህ ደግሞ ዘፈን ለሰው ስም ሰጠ።

ባለፈው ጥር እዚህ ከተማ በአንድ ሠርግ ላይ ተጋብዤ ነበር። መድረኩ ላይ ኪቦርድና ማሲንቆ ጎን ለጎን ነበሩ። ከመጀመራቸው በፊት ማሲንቆ መቺው ወደ ኪቦርዱ ዞሮ «ትዝታ ስጠኝ» አለ። ባለ ኪቦርዱ አምስቱን ድምፆች በየተራ ነካ። ማሲንቆ መቺው የጭራውን አውታር አጥብቆ፣ ጣቶቹን ለማጅ፣ ራሱን ነቀነቀና ጀመሩ። ጆሮዬን አቅንቼ ስሰማ ግን ሦስተኛዋ ድምፅ ላይ የማሲንቆው ጣት ከኪቦርዱ በጥቂት ዝቅ ይላል፤ ግማሽ ድምፅ አይሞላም፣ ኖታም አይጽፈውም። ባለ ኪቦርዱም ሰማው መሰለኝ፤ ያቺ ድምፅ በመጣች ቁጥር እጁን ያነሣ ጀመር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጨርሶ ተወና ማሲንቆው ብቻውን ቀጠለ። ወደ እረፍቱ ላይ ጠጋ ብዬ ማሲንቆ መቺውን «ያቺ ዝቅ የምትለው ድምፅ ስም አላት?» ብዬ ጠየቅሁት። «ስም ምን ያደርግላታል፣ ጋሼ፤ ቅኝቷ ናት» አለኝ።

ከተማሪዎቼ ጋር በምናዘጋጀው የቃላት ዝርዝር ውስጥ ከ«ቅኝት» ፊት ለፊት ያለው ዓምድ ገና ባዶ ነው። «ሲርባ» በሚለው ላይ ግን ሁለቱም ፍቺዎች ተጽፈዋል። የመቂዋ ተማሪ አሁን ተመርቃ እዚሁ በስምጥ ሸለቆ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ የቀነስኩባትን ነጥብም ከመመረቋ በፊት መልሼላታለሁ። አሁን የቀረውን ጊዜ ለጥያቄ እንተወው፤ በተለይ ከመካከላችሁ ክራር ወይም ማሲንቆ የሚመታ ካለ እርሱ ቢቀድም ደስ ይለኛል።